ሦስት ብልቃጥ ጽንስ ወደ ሰመራ

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ሙቀት ሲያወራ አትመኑት። እኛ አገር ጥር ላይ ጋቢ ሳይደርብ ከቤት የወጣ ሰው «ምነው፣ ደህናም አይደለ?» ይባላል። እኔም እስከዚህ ጉዞ ድረስ ሙቀት ማለት ናዝሬት መስሎኝ ነበር። ሰመራን አይታችሁ ለማታውቁና ምናልባትም ለማታዩ፣ በሁዳዴ መሃል ሦስት ብልቃጥ ይዤ በአፋር መንገድ የሄድኩበትን አራት ቀን እንደሆነው አድርጌ ልጽፍላችሁ ነው።

ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው የአይጥ ጽንስ ነው። መሳቅ የምትፈልጉ አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ፤ እኔ ለምጄዋለሁ። አዲስ አበባ የምሠራበት ላብራቶሪ ሥራው ይኸው ነው። እናቴ ነፍሷን ይማርና ለጎረቤት «ጽጌ መድኃኒት ቤት ናት» ትል ነበር እንጂ አይጥ የሚለውን ቃል አፏ አላነሳውም። ነገሩ ግን የሚያሳፍር አይደለም። አይጥም ሰውም ሲጀመር አንዲት ህዋስ ነው። እሷ ትከፈላለች፣ ልጆቿም ይከፈላሉ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዱ ማጅራት፣ አንዱ ወገብ፣ አንዱ ጭራ ይሆናል። ማጅራት የሚሆነው ህዋስ ያለበትን ቦታ በምን አወቀ? ይህን የሚነግሩት ሆሚዮቦክስ የሚባሉ ዘረመሎች ናቸው፤ እኛ የምናጠናቸውን ባጭሩ ሆክስ እንላቸዋለን። እያንዳንዱ ሆክስ የራሱ መነሻ ቦታ አለው። አንደኛው ከማጅራት ጀምሮ ወደታች ይሠራል፣ ሌላኛው ወገብ ድረስ ዝም ብሎ ከዚያ ይጀምራል።

ዓይን የማያየውን ይህን ሥራ በቀለም የምናሳይበት ዘዴ አለን። ዘረመሉ የሚሠራበትን ቦታ ፈልጎ የሚለጠፍ አነፍናፊ ጽንሱ ውስጥ እንልካለን። በአነፍናፊው ላይ ደግሞ ቀለም የሚያወጣ ሌላ ነገር እናስይዛለን። መጨረሻ ላይ የቀለሙን ውሃ ስናፈስበት፣ ዘረመሉ የሚሠራበት ቦታ ብቻ ቀስ እያለ ወይን ጠጅ ይሆናል። ስንት ዓመት ሠርቼው እስካሁን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሲያ ሁመድ ተማሪዬ ናት። ገዋኔ አጠገብ ካለ የከብት አርቢዎች መንደር መጥታ ሁለት ዓመት እኔ ዘንድ ሠርታለች። ተመርቃ ሰመራ አንድ ኮሌጅ ውስጥ መምህርት ሆነች። ኮሌጁ ለእሷ ሙያ የሚሆን ክፍል አልነበረውም። የኮሌጁ ኃላፊ «እዚሁ ተማሪ ፊት አንዴ ሠርተሽ አሳዪኝ፤ ከሠራ የመተላለፊያው ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ ቤት ላብራቶሪሽ ይሆናል፤ ካልሠራ ግን እንዳትጠይቂኝ» ብሎ ቀን ቆረጠላት። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ደውላ ነገረችኝ። ሰመራ አይጥ ማርቢያም ማቀዝቀዣ ክፍልም ስለሌለ፣ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች እኔ አዲስ አበባ ጨርሼ፣ የመጨረሻዋን የቀለም ደረጃ ለእሷ ተውኩላት። አንደኛው ብልቃጥ ከማጅራት የሚጀምረው፣ ሁለተኛው ከወገብ የሚጀምረው ነው። ሦስተኛው ሆን ተብሎ የማይለጠፍ አነፍናፊ የገባበት ስለሆነ ባዶ መቅረት አለበት፤ እሱ ቀለም ካወጣ ሌሎቹም ዋሽተዋል ማለት ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ በረዶ መሃል መቆየት አለባቸው። ከሞቁ የተለጠፈው ሁሉ ይረግፋል፣ ቀለም የለም፣ የአሲያም ክፍል የለም።

ሐሙስ

መኪናው ለጠዋት ተብሎ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሾፌሩ በቀለ የአዋሽ ልጅ ነው፤ አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ አፋርኛውን እንደ አማርኛው ይናገረዋል። አይስቦክሱን ጭኔ ላይ አቅፌ ስቀመጥ አየኝና «እትዬ ጽጌ፣ የሠርግ ኬክ ነው እንዴ?» አለኝ። «ከሠርግ ኬክ ይበልጣል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ቀስ በል» አልኩት። እስከ አዳማ ቀስ አለ። ከአዳማ ወዲያ ከጅቡቲ ከሚመጣውና ወደ ጅቡቲ ከሚሄደው ተሳቢ ጋር ሲጋፋ ቃሉን ረሳ።

መተሐራን አልፈን፣ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የበሰቃን ውሃ በግራ በቀኝ እያየን፣ ሊመሽ ሲል አዋሽ ገባን። ከመኪና ስወርድ የተቀበለኝ ነፋስ ከዳቦ ቤት በር የሚወጣውን ዓይነት ነው። ደብረ ብርሃን ቢሆን ብልቃጦቹን መስኮት ላይ አስቀምጬ እተኛ ነበር። እዚህ ግን ፍሪጅ ማግኘት ነበረብኝ።

ያረፍንበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ከምንጃር ወርደው እዚሁ ያረጁ፣ ደርባባ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሴት ናቸው። ጥሩ ተጋቢኖ አበሉን። ፍሪጁን ስጠይቃቸው «ምን ልታስቀምጪበት?» አሉ። መዋሸት አልችልበትምና ነገርኳቸው።

«አይጥ? በሁዳዴ? እኔ ፍሪጅ ውስጥ?»

«ጽንስ ነው፤ በብልቃጥ የታሸገ ነው» አልኩ።

«ይባስ! ገና ያልተወለደ አይጥ!»

በቀለ መሃል ገባ። የአፋር ልጅ የሆነች መምህርት ሰመራ ላይ ለተማሪዎቿ ልታሳየው እንደሆነ፣ ከተበላሸ የተሰጣት ተስፋ እንደሚቀር አስረዳቸው። ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሰሙት። «የኛው የበረሃ ልጅ ናታ» አሉና የለስላሳውን ሣጥን ከፍሪጁ ማውጣት ጀመሩ። «ግን ንጹሕ ይሁን። ክዳኑን አልነካም፣ ከላይ ከላዩን ግን እኔ አጸዳዋለሁ። ደንበኛ የሚጠጣው ነገር አጠገብ ነው የሚያድረው።» ክዳን እስካልተነካ ድረስ ምን ቸገረኝ፤ እሺ አልኳቸው።

አልጋዬ የተዘረጋው ግቢ ውስጥ፣ አጎበር ሥር ነው። ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው እንደሌለ ሳይ ገረመኝ፤ እኛ አገር በር ዘግቶ፣ መስኮት ወትፎ፣ ብርድ ልብስ ደርቦም ይበርዳል። ተሳቢዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያልፉ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ

ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ብልቃጦቹን በፌስታል ይዘው ሲመጡ ፊታቸው በርቷል። «አብርቼልሻለሁ!» አሉኝ። እውነትም መስታወቱ ያበራል። ተቻኩዬ ነበርና አቅፌ ሳምኳቸው፣ አዲስ በረዶ ሞልቼ ብልቃጦቹን ከነፌስታሉ መሃል ላይ አስቀመጥኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። ወጣን።

አዋሽ አርባን አልፈን ወደ መልካ ወረር የሚገነጠለው መንገድ ጋ ስንደርስ፣ ለጥጥ ሥራ ከደጋ የወረዱ ሰዎች በትራክተር ተጎታች ተጭነው ሲሄዱ አገኘናቸው። አንዱ ጋቢውን ጠቅልሎ ትራስ አድርጎታል። የአገሬ ሰው መሆኑን በጋቢው ጥለት አውቄ እጄን አወዛወዝኩለት። እሱም ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ አወዛወዘልኝ።

ገዋኔ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን የመኪናው አፍንጫ ጭስ ተፋ። የራዲያተሩ የውሃ ጎማ ፈንድቷል። አንድ ባለ ተሳቢ ሳንለምነው ቆሞ በገመድ ጎተተንና ገዋኔ መንገድ ዳር ካለች ጋራዥ አደረሰን። ጋራዡ ክፍት ነው፣ መካኒኩ ግን የለም። ዓርብ ነው፤ ጁምዓ ሄዷል። ጎረቤት ያለችው ምግብ ቤት ገብተን ዳሱ ሥር ተቀመጥን። ባለቤቲቱ ዘሐራ የወሎ ሴት ናት፤ የፍየል ጥብስ ልታቀርብልኝ ስትል ጾም ላይ ነኝ አልኳት፣ ወዲያው ምስር ክክ ጣደችልኝ። አይስቦክሱን ስከፍት ግን በረዶው አብዛኛው ውሃ ሆኗል።

«ዘሐራ፣ በረዶ ይኖርሻል?»

«መብራት ከጠፋ ሰነበተ እኮ እህቴ። ገዋኔን ብታስሺ በረዶ አታገኚም።»

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትዎርክ የለም። ዘሐራ ጭንቀቴን አይታ፣ ሳልጠይቃት ጆንያ በውሃ ነክራ አይስቦክሱን ጠቀለለችልኝና ጥላው የከበደበት ጥግ ወስዳ አስቀመጠችው። እየተመላለሰችም ታረሰርሰው ነበር።

ከመስጊድ የወጡ ሰዎች መምጣት ሲጀምሩ አንድ ሽማግሌ ወደኛ ቀረቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸውን በደንብ የታጠቁ። ሐጅ ያዮ ይባላሉ። ከበቀለ ጋር እጅ ተሳሳሙ፣ ቁጭ አሉ፣ ጨዋታም ተጀመረ። ጨዋታ መሰለኝ እንጂ ዳጉ ነው። አፋር ከአፋር አገር ሰው ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ ይቀባበላል፤ ይህም ሐሜት ሳይሆን ሥርዓት ያለው ነገር ነው። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ የሰማኸውን ከማን ሰማህ ይባላል። የሚናገረው ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይናገራል፣ የሚሰማውም እንደሰማው ለሌላው ያደርሳል። ጎዶሎ ዳጉ የሰጠ ሰው ነውረኛ ነው። ይህን ያን ጊዜ አላውቅም። የማውቀው በረዶዬ እየቀለጠ፣ እነሱ አዋሽ ላይ ዝናብ መዝነቡንና አለመዝነቡን እያወሩ መሆኑን ነው።

«በቀለ፣ በረዶ የት እንደሚገኝ ጠይቅልኝ! የዝናቡ ነገር ይቆይ» አልኩት።

«እትዬ ጽጌ፣ እዚህ አገር ወሬ ከመሃል አይጀመርም። ተራሽ ይደርሳል» አለኝ፤ እሱም ሳይቸኩል የመንገዱን፣ የከብቱን፣ የሞተና የታመመውን ተናግሮ ጨረሰ። እኔ ተንጨረጨርኩ።

ተራዬ ደረሰ። ሐጅ ያዮ በበቀለ በኩል ጠየቁኝ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ስንት ነው? የማን ነው? ለማን ይደርሳል? እስከ መቼ? ምን ያበላሸዋል? መበላሸቱስ በምን ይታወቃል? ስንት ጉባኤ ላይ ስንት ጥናት አቅርቤአለሁ፣ እንዲህ አስተካክሎ የጠየቀኝ ኮሚቴ ትዝ አይለኝም። ለአሲያ ነው ስል «የሁመድ ልጅ?» አሉ፤ አዎ አልኩ። በረዶ ያስፈልገዋል፣ ግን ጠጥሮ መቀዝቀዝም የለበትም ስላቸው እዚያ ላይ አስቆሙኝ።

«በረዶው ይንካቸው ወይስ አይንካቸው?»

«ዙሪያቸውን ይክበባቸው እንጂ ውስጡ አይቀበሩ።»

ያልኩትን መልሰው አሉልኝ፣ ልክ ነው አልኩ። ከዚያ «ሎጊያ በረዶ አለ» አሉና ተነሥተው ሄዱ። ሞተሩን አስነሥቶ የቆመ አንድ ተሳቢ ጋ ቆም ብለው ሾፌሩን ሲያነጋግሩ ከሩቅ አየሁ። ሎጊያ እንዳለማ እኔም እገምታለሁ፣ ሎጊያ ግን ገና ሩቅ ነው። ይህን ሁሉ ለፍልፌ አንድ ብርጭቆ በረዶ እንኳ አላገኘሁ ብዬ ተናደድኩ። ዘሐራ ጆንያውን ዳግመኛ እያረሰረሰች «አትናደጂ፣ ነግረሻቸዋል እኮ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

መካኒኩ መጥቶ የውሃውን ጎማ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ አስሮ አስነሣን። ሚሌን አልፈን ሎጊያ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሎጊያ የሹፌሮች ከተማ ናት፤ ብየዳው ይብለጨለጫል፣ ማደያው ሰልፍ ነው፣ ከየምግብ ቤቱ ዘፈን ይሰማል። ገና ነዳጅ ለመቅዳት ስንቆም ጺማቸውን ሂና የተቀቡ አንድ ሰው መኪናችን ፊት ቆሙ። በትከሻቸው ጆንያ ተሸክመዋል፣ ከጆንያው ውሃ ይንጠባጠባል።

«አይጦቹን ይዛ ለሁመድ ልጅ የምትሄደው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሦስት ብልቃጥ ነው። በረዶው ዙሪያቸውን ይክበባቸው እንጂ ውስጡ አይቀበሩ። እስከ ቅዳሜ። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

ጆንያውን አወረዱ። ውስጡ የተከሰከሰ በረዶ ነው። ሂሳብ ልክፈል ብል ፊታቸውን አዞሩ፤ በቀለ በክርኑ ጎሰመኝ። ገዋኔ ላይ የቆመው ተሳቢ እኛ ጎማ ስናስር ቀድሞን ደርሶ፣ ወሬው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በረዶ ሻጩ ጋ ገብቷል። አንዲት ቃል አልጎደለችም። አዲስ አበባ ከአንድ ፎቅ ወደ ሌላው ፎቅ የላክሁት መልእክት ተገልብጦ የሚደርስብኝ ሰው ነኝ፤ ገዋኔ ለሐጅ ያዮ የተናገርኩት ግን ሎጊያ ድረስ እንደወጣ ደረሰ። ስናደድ የዋልኩባቸውን ሽማግሌ እያሰብኩ አፈርኩ።

አይስቦክሱን ከፈትኩ። ለዘሐራ ጆንያ ምስጋና ይግባውና ውሃው ገና እንደ ማለዳ ምንጭ ይቀዘቅዛል። በረዶውን ልቀይር ብልቃጦቹን ከፌስታሉ ሳወጣቸው ግን እጄ ቆመ። የጻፍኩባቸው የለም። ማጅራት፣ ወገብ፣ ባዶ ብዬ በማርከር የጻፍኩት ጠፍቶ ሦስቱም አንድ ዓይነት ያበራሉ። የላብራቶሪ ማርከር ውሃ አያጠፋውም፤ አልኮል ግን ያጠፋዋል።

«በቀለ፣ ወይዘሮ አስካለ በምንድን ነው ያጠቧቸው?»

በቀለ ራሱን አከከ። «በአረቄ ነው። ጠዋት ጠርሙሱን አሳይተውኛል። ለእንግዳ አስቀምጬው የነበረውን ለልጅቷ ስል አልሰሰትኩም ብለው ነበር።»

ማደያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጽንሶቹ ዕድሜያቸውም መልካቸውም አንድ ነው፣ እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ ብዙ አይበልጡም። የትኛው የቱ እንደሆነ ዓይቶ የሚለይ ሰው የለም።

ሎጊያና ሰመራ ጎረቤት ናቸው። አሲያ በተከራየችው ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። አቅፋኝ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። አባቷ አቶ ሁመድ ከመንደራቸው ቀድመው መጥተዋል፤ በወጣትነታቸው አሚባራ ጥጥ እርሻ ላይ ስለሠሩ አማርኛ ያውቃሉ። የጾም ሩዝ በቲማቲም ስልስ ሠርታልኝ፣ እሱን በልተን ስንጨርስ አሲያን ለብቻዋ ጠርቼ የሆነውን ነገርኳት።

«እኔ የማስበው» አልኳት፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን እንጻፍባቸው። ቀለሙ ሲወጣ ትርጉሙን እኛ እንሰጠዋለን። ተማሪውም ኃላፊውም በምን ያውቃል? ክፍሉን ያህል ነገር እኮ ነው አሲያዬ።»

«እትዬ ጽጌ፣ ነገ አባቴ እዚያ ቁጭ ይላል» አለችኝ። «አባቴ ፊት ጎዶሎ ዳጉ ልስጥ?»

«ጉድለቱን አያውቀውማ።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች፤ በዚሁ አበቃ።

ቅዳሜ

ኮሌጁ አዲስ ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ዛፉ ትንሽ። ማሳያ ክፍሉ ተማሪ ሞልቶበታል። የኮሌጁ ኃላፊ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አቶ ሁመድ የወገባቸውን ጩቤ፣ ጊሌያቸውን፣ ለዘበኛው ትተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ አሉ።

አሲያ ነጭ ጋዋኗን ከሻሿ በታች ለብሳ ተነሣች። ስለ ሆክስ ትጀምራለች ስል፣ ከአዲስ አበባ ጀመረች። «ሦስት ብልቃጥ ሐሙስ ከሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሡ» አለች። አዋሽ ማደራቸውን ተናገረች። በአረቄ መታጠባቸውንና ስማቸው መጥፋቱን ተናገረች። ገዋኔ ላይ በረዶው መቅለጡን፣ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ በእርግጥ እንደማታውቅ፣ ሎጊያ በረዶ ማግኘታቸውን ተናገረች። እኔ ወንበሬ ውስጥ ሰመጥኩ። ኃላፊው ግንባሩን ቋጠረ።

«ስማቸው ከጠፋማ ምን ዋጋ አለው?» አለ።

«ዋጋው ራሳቸው ሲናገሩ ነው» አለች አሲያ። «አንዱ ከማጅራት፣ አንዱ ከወገብ ካልጀመረ፣ አንዱም ባዶ ካልቀረ፣ ክፍሉን ሁለተኛ አልጠይቅም።»

እኔ ብሆን አልለውም ነበር።

የቀለሙን ውሃ ራሷ አፈሰሰች። ስትቀዳ አንዲት ጠብታ ከብልቃጡ ውጭ አልወደቀችም። መጀመሪያ እኔ ዘንድ ስትመጣ በፒፔት የምትቀዳው ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ይቀር እንደነበር አስታወስኩ። ቀለሙ ብርሃን ስለማይወድ ብልቃጦቹን በፎይል ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ አስገባቻቸው። እየጠበቅን እያለ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጽንስ ሥዕል ሣለች። ሆክሶቹ በክሮሞዞሙ ላይ በአንድ ረድፍ እንደሚሰለፉ፣ ከረድፉ በአንዱ ጫፍ ያሉት ከራስ አጠገብ፣ በሌላው ጫፍ ያሉት ወደ ጭራ እንደሚጀምሩ አስረዳች። አንዱ ሲበላሽ ወገብ ላይ የጎድን አጥንት የሚያበቅል አይጥ እንደሚወለድ ስትናገር ክፍሉ አጉረመረመ። ተማሪዎቹ የትኛው ብልቃጥ የቱ እንደሆነ ለመገመት ተጯጯሁ።

ቁምሳጥኑ ተከፈተ። አንዱም ቀለም አላወጣም። ተዘጋ። ቆይቶ ተከፈተ። አሁንም የለም። የገዋኔው ሙቀት ገደላቸው አልኩ በልቤ፤ አሲያን ማየት ፈራሁ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። አቶ ሁመድ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትከፍት አንድ ተማሪ «መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ማይክሮስኮፑ ሥር መጀመሪያ ያየነው መሃል ላይ የነበረውን ብልቃጥ ነው። ከማጅራቱ ጀምሮ፣ በቢላ የተቆረጠ ያህል ጥርት ካለ መስመር አንሥቶ እስከ ታች ወይን ጠጅ ሆኗል። ከመስመሩ በላይ ጭንቅላቱ ነጭ ነው። በግራ ያለው ትከሻው ድረስ፣ ሆዱ ድረስ ምንም የለበትም፤ ወገቡ ጋ ሲደርስ ቀለሙ ይጀምራል። የመጨረሻው ባዶ ነው። ንጹሕ ባዶ! የባዶነት ውበት የዚያን ቀን ገባኝ። ተማሪዎቹ እየተጋፉ ያያሉ፣ ያየው ላላየው ይናገራል፣ ጫጫታው ጣራውን አነሣው። እኔ አሲያን አየኋት። ከማይክሮስኮፑ ቀና ስትል ዓይኗ አባቷን ፈለገ።

አቶ ሁመድ መጥተው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ይህ አይጥ ላይ ብቻ ነው ያለው?» አሏት።

«ሰውም ላይ አለ አባ። አንድ ዓይነት ረድፍ ነው።»

«ከአይጥ ጋር ዘመድ አደረግሽን!»

ክፍሉ ሳቀ።

«ፍየልስ?»

«ፍየልም አለው።»

«ደህና፤ ከፍየልስ ጋር ድሮም አንለያይም» አሉ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ልጄ የጎደለውን ቀድማ ነገረችህ። የሞላውንም አሳየችህ። የምጨምረው የለኝም።»

ኃላፊው ሰው ነው፤ ተነሥቶ ጨበጣቸው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከራሱ መያዣ ላይ ፈትቶ ለአሲያ ሰጣት። ሮጠን ሄደን ከፈትነው። የተሰበረ ወንበርና አቧራ ሞልቶበታል፣ መስኮቱ አንድ ነው፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ከኔ ላብራቶሪ ጋር ሲነጻጸር ጓዳ ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ክፍል በሕይወቴ አላየሁም። በእጄ ያስተማርኳት ልጅ፣ እኔ የማልደፍረውን ደፍራ ያመጣችው ክፍል ነው። ኩራት ደረቴን ሞላው፤ መስኮቱን ለመክፈት የምታገል መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

እሑድ

ስንመለስ መኪናው እንደገና አስቸገረንና ሚሌ ላይ ብዙ ቆየን። አቶ ሁመድ ቀደም ብለው በተሳቢ ወደ መንደራቸው ሄደዋል። ገዋኔ ስንደርስ ዘሐራን አመስግኜ ልለፍ ብዬ ወረድኩ። ሐጅ ያዮ ዳሱ ሥር ተቀምጠዋል። አሁን ሥርዓቱን አውቄአለሁ፤ ተቀመጥኩ፣ የመንገዱን ተናገርኩ፣ የቅዳሜውን ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«እሱ ደርሶናል» አሉ በበቀለ በኩል። «እኔ ልናገር፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።» ተናገሩም። ሦስቱ ብልቃጥ፣ አረቄው፣ የጠፋው ስም። የሁመድ ልጅ ሳትጠየቅ መናገሯ። የመሃሉ ከማጅራት፣ የግራው ከወገብ፣ አንዱ ባዶ። ቁልፉ። ከዚያ በቀለ መተርጎሙን ገታ አደረገና ሳቁን ዋጠ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«የአዲስ አበባዋ መምህርት ግን ቁጥር ጽፈን ትርጉሙን ኋላ እንስጠው ብላ ነበር፣ ልጅቷ እንቢ አለች፤ ይህም ልክ ነው ወይ ይላሉ።»

አሲያ ለአባቷ ሙሉውን ነው የሰጠቻቸው። መንገዱ ሁሉ፣ ከሎጊያ እስከ ገዋኔ፣ ያውቃል። ዘሐራ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ፊቴ ጋለ። ይሁን እንጂ ሽማግሌው የሚያዩኝ ለመፍረድ አልነበረም፤ ለሚቀጥለው ሰው የተሳሳተ ነገር እንዳይነግሩ ነው።

«ልክ ነው» አልኩ።

«የቀረ ነገር አለ?»

«አንድ ቀርቷል» አልኩ። «ያቺን ልጅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ተማሪዬ ናት ይበሉ።»

በቀለ ተረጎመ። ሐጅ ያዮ አንድ በአንድ መልሰው አሉት፣ ልክ ነው አልኩ፤ ተነሥተው ሞተሩን ወዳስነሣ አንድ ተሳቢ ሄዱ።

እኛ የዘሐራን ምስር በልተን፣ ጎማውን አሳስረን፣ አዋሽ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ወይዘሮ አስካለ ከፔንሲዮኑ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ አንድ እጃቸው አፋቸው ላይ ነው፣ ሌላው ወገባቸው ላይ።

«ስሙን በአረቄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አሉኝ!»

«ግድ የለም ወይዘሮ አስካለ፣ ወጥቷል…»

«መውጣቱንማ ሰማሁ። ከማጅራትና ከወገብ፣ አንዱ ባዶ» አሉና አቀፉኝ። «ደግሞ ልጅቷ ተማሪሽ ናት አሉ!»